ያልተቀመሰው ብስኩት

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ከተማዋም ወሎ ውስጥ ነው ከማለት አላልፍም። ብነግራችሁ ነገ ሄዳችሁ «ብስኩቱስ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ታሳቅቋታላችሁ። አውቃችኋለሁ።

ይህች ሴት በሰፈሩ የምትታወቀው በጣፋጭ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ብስኩት ትጋግራለች፣ ቦንቦሊኖ ትጠብሳለች፣ ስኳር አቅልጣ ለውዝ ትጨምርበትና የለውዝ ከረሜላ ታደርገዋለች። ከባድ ነገር የለበትም። ዱቄት ነው፣ ቅቤ ነው፣ ስኳር ነው፣ እንቁላል ነው፣ ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ሊጡን በጠርሙስ ትዳምጠዋለች፣ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጠዋለች፣ ኦቨን ውስጥ ትከተዋለች። በቃ። ማናችሁም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ወንዶቹም ጭምር። ምን ያስቃችኋል?

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለፋሲካ የሚበላው ብስኩት የሚጋገረው መቼ ነው? ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ምንድን ነው? ጾም ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመች ሴት፣ በመጨረሻዋ ቀን እጇ እስከ ክርኗ ቅቤና እንቁላል ውስጥ ገብቷል። ጣቷን ልትልስ ትችላለች? አትችልም። እናቶች ይህን ታውቁታላችሁ። የዶሮውን ወጥ ጨው እንኳ የምትለኩት በአፍንጫችሁ ነው።

ባሏ ይጾማል። ልጇ ትርሲት ትጾማለች። ታዲያ ማን ይቅመስላት?

ጦይባ ትቅመስላት።

እትዬ ጦይባ ጎረቤቷ ናት፤ በዕድሜ ጥቂት ትበልጣታለች። በሁለቱ ግቢ መካከል ደረት የሚያህል የድንጋይ አጥር አለ። ጦይባ ሙስሊም ስለሆነች ቀዳም ሹር ለእሷ ተራ ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ብስኩት ከኦቨን ሲወጣ የትርሲት እናት በሳህን ይዛ አጥሩ ጋ ትሄዳለች። ጦይባ ትቀበላታለች፤ አንድ ትቆርሳለች፤ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች። ከዚያ ትፈርዳለች። «ስኳር ይቀረዋል» ትላለች። ወይም «ትንሽ ይቆይ፣ መሐሉ አልበሰለም» ትላለች። ወይም «አሁን ሆነ» ትላለች። «አሁን ሆነ» ካለች ሆነ ማለት ነው።

ሮመዳን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጦይባ ለማፍጠሪያ ሙሽበክ ትሠራለች፤ ያንን በስኳር ውሃ የሚነከረውን ጥቅልል ጣፋጭ። ጀምበር ሳትጠልቅ ግን መቅመስ አትችልም። ሳህኑ በአጥሩ ላይ ወዲህ ይመጣል። የትርሲት እናት ቀምሳ ትፈርዳለች። ዐቢይ ጾምና ሮመዳን ሲገጣጠሙስ ምን ያደርጋሉ? ሙሽበክ ዘይትና ስኳር ነው፤ የጾም ነው። የትርሲት እናት ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃ ትቀምስላታለች። ስትፈልጉ መላ አይጠፋም።

ደግሞ ከመካከላችሁ «እንዴት ከእነሱ ጋር ይበላሉ?» የሚል አይጠፋም። የምንለያየው በሥጋው ነው። ብስኩት ታርዶ አያውቅም።

እንዲህ አድርገው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፈሩ «የትርሲት እናት እጅ ልዩ ነው» እያለ አመሰገነ። እውነት ነው፣ እጇ ልዩ ነበር። ግን እጁ የእሷ ሲሆን ምላሱ የጦይባ ነበር። ይህን ሁለቱ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

አሁን ልብ በሉ። ባለፈው ገና ምን ሆነ?

ለገና የባሏ እኅት ከአዲስ አበባ መጣች። ባዶ እጇን አልመጣችም፤ አንድ ኪሎ ቅቤ ይዛ መጣች። የበዓሉ ዋዜማ ነው፣ ጾሙ ገና አልተፈታም፣ ብስኩቱ በዚያ ቅቤ ተጋገረ። የትርሲት እናት ሳህኑን ይዛ አጥሩ ጋ ሄደች። ከአዲስ አበባ የመጣችው እንግዳም ግቢውን ልታይ ተከትላት ወጣች። ጦይባ ቆረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አኘከች።

«ቅቤው ተበላሽቷል» አለች። «ይህን ለሰው አታቅርቢ።»

እንግዲህ ቅቤውን ያመጣችው ሴት እዚያው ቆማለች። ፊቷ ሲለዋወጥ ይታያችሁ። የትርሲት እናት ምን ታድርግ? ቅቤው መሽተቱን ራሷም ጠርጥራ ነበር። አፍንጫ አላት። ነገር ግን የባሏ እኅት ናት፣ ከሩቅ መጥታለች፣ እንግዳ ናት። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ሰው ሲያፍር ደግሞ የሚቆጣው የሚቀርበውን ሰው ነው። አይደለም እንዴ?

ለጦይባ «ምን አገባሽ?» አለቻት። «እኔ የጋገርኩት ላንቺ ምላስ አይደለም።»

ጦይባ ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ገባች።

የገናው ብስኩት ተበላ ወይ? አልተበላም። እንግዳው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ እየነከሰ ተወው። የትርሲት እናት ሳህኑን ስታነሳ አየችው። አይታም ለራሷ «ሰዎቹ ጠግበው ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታቸው አጠረ። «ደህና አደርሽ?» «ደህና።» ይኸው ነው። ሮመዳን ገባ። የትርሲት እናት ዘጠኝ ሰዓት በሆነ ቁጥር በኩሽናው መስኮት ወደ አጥሩ ታያለች፤ ሳህን የለም። ይቅርታ ላለመጠየቅ ሰበብ አላጣችም። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ ነው ትላለች፣ ሌላ ቀን እንግዳ አለብኝ ትላለች፣ ሌላ ቀን «እሷ ናት ያሳፈረችኝ፣ እሷ ትምጣ» ትላለች። አጥሩ ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ ይበቃል። ሦስት ወር ሙሉ አሥር እርምጃ አቃታት።

እንዲህ እያለ ፋሲካ ደረሰ።

የዘንድሮው ፋሲካ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። ትርሲት ታጭታለች፤ ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ይህን ቤት ረግጠው አያውቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡት በፋሲካ ዕለት ነው። ትርሲት ከሠርጉ በኋላ የምትኖረው እኚሁ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ነው። እናትየው ምን ቢሰማት ትፈርዱባታላችሁ? ልጄን የሚያዩት በዚህ ቤት ሙያ ነው አለች። ብስኩቴ ይናገርልኛል አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመረች። ሦስት ኪሎ ዱቄት ነፋች። ቅቤው ንጹሕ ነው፤ ያን ጊዜ ከተዋረደች ወዲህ ቅቤ ሳታሸት ገዝታ አታውቅም። ቤኪንግ ፓውደሩ ግን ከቆርቆሮው አልቆ ነበርና ገበያ ሄዳ በፌስታል አስመዝና ገዝታ ነበር። ነጭ ዱቄት ነው። በማንኪያ እየሞላች ስድስት ጊዜ ጨመረችበት።

ሻጩ የሰጣት ቤኪንግ ፓውደር አልነበረም። ቤኪንግ ሶዳ ነበር።

ጋጋሪዎቹ አሁን ራሳችሁን ያዛችሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሶዳ ሲበዛ ብስኩቱን አያበላሸውም፤ ማለቴ ለዓይን አያበላሸውም። እንዲያውም ያሳምረዋል። ኩፍ ያደርገዋል፣ ያቀላዋል። ሽታውም ያው የቅቤና የቫኒላ ሽታ ነው። የሚመረው ምላስ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው።

ብስኩቱ ወጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ያማረ ብስኩት ጋግራ አታውቅም። አሸተተችው፤ መልካም ነው። አየችው፤ መልካም ነው። ሳህን ላይ አድርጋ በልማድ ወደ አጥሩ አመራች። ግማሽ መንገድ ደርሳ ቆመች። ጦይባ በወዲያኛው በኩል ልብስ ታሰጣለች፤ ጀርባዋን ሰጥታለች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «እታለም» ብትላት ይበቃ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትጠራት እንደዚያ ነው። አልጠራቻትም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ዛሬ ማን ሊያስተምረኝ ነው?» ብላ ተመለሰች።

ብስኩቱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና «እንግዶቹ ሳይመጡ ማንም እንዳይነካው» ብላ ትእዛዝ ሰጠች። ቤተሰቡ ከቅዳሴ መልስ በዶሮው ጾሙን ፈታ፤ ብስኩቱ እንደ ተሸፈነ ቆየ።

ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ። ወይዘሮ አትጠገብ፣ ልጃቸውና የልጁ አጎት። ምሳው ተበላ፣ ተመሰገነ። ከዚያ ጨርቁ ተገለጠ። ወይዘሮ አትጠገብ ሳህኑን አይተው በመገረም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አንድ አነሱ። ነከሱ። አኘኩ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኛ እንግዳ ሆነን ስንሄድ እንዴት እንደሆንን ታውቃላችሁ። አፋችን ቢቃጠል «እሰይ፣ ሞቅ ያለ ነው» እንላለን። ወይዘሮ አትጠገብ ያን መራራ ነገር ዋጡት። ዋጡትና ፈገግ ብለው «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም» አሉ። አልዋሹም፤ በእርግጥ በልተው አያውቁም። አጎትየው «በጣም ይጣፍጣል» አሉና ለአክብሮት ሁለተኛ አነሱ። ልጁ አማቱን ፈርቶ አንዱን ጨረሰ። ትርሲት አፍራ አልቀመሰችም። ባልየው ስኳር በሽታ ስላለበት አይበላም። የትርሲት እናት ደግሞ ወዲያ ወዲህ እያለች ታስተናግዳለች እንጂ አልተቀመጠችም።

አያችሁ? ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ያመሰግናል። እውነቱን የነገራት አንድ ሰው የለም።

የምስጋናው ብዛት ራሷ ላይ ወጣ። ከተረፈው ብስኩት አምስቱን በሳህን አደረገችና ወደ አጥሩ ሄደች። ለምን ሄደች? በዓል ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ። ያለ አንቺም ይሆናል ልትላት ነው የሄደችው። ጦይባን ጠርታ ሳህኑን አጥሩ ላይ አኖረችላት። ጦይባ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ወሰደች። የትርሲት እናት ቀና ብላ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

ጦይባ አንድ ቆረሰች። ዓይኗን መጨፈን እንኳ አላስፈለጋትም።

እስቲ በእሷ ቦታ ሁኑ። ከሦስት ወር በፊት እውነት ተናግራ ተሰድባለች። ዛሬም እንግዳ አለ፤ ያውም የትርሲት አማት። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ብስኩቱን ለዶሮዎቹ በትና ሳህኑን አጥባ ብትመልስ ምን ይጎድልባታል? እኔ ብሆን ዝም እላለሁ። እውነቱን እነግራችኋለሁ፣ ዝም ከማለትም አልፌ ትንሽ ደስ ይለኛል። «ይበላት» እላለሁ። ጦይባ ግን ሻሿን አስተካከለች፣ በአጥሩ ሳይሆን በዋናው በር ዞራ መጣች። እንግዶቹን አንድ በአንድ ሰላም አለች። እንኳን አደረሳችሁ አለች። ወይዘሮ አትጠገብ አጠገብ ትንሽ ተቀመጠች፤ ስለ ትርሲት መልካም መልካሙን ተናገረች። ከዚያ ውሃ እንደ ፈለገ ሰው ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች። የትርሲት እናት ተከተለቻት። ጦይባ የኩሽናውን በር ዘጋች።

«አንድ ቁራጭ ቅመሺ» አለቻት።

«እንግዶቹ እየጠበቁኝ ነው፣ እታለም።»

«ይጠብቁ። ቅመሺ።»

ቀመሰች። መጀመሪያ ቅቤው መጣ፤ ከዚያ ስኳሩ መጣ፤ ከዚያ ከምላሷ ሥር ምሬቱ ተነሣ። ሳሙናው ያልለቀቀ ማንኪያ እንደ መላስ ነበር።

«ሁሉም በሉት» አለች። «እጅሽ ይባረክ አሉኝ።»

«እነሱ እንግዳ ናቸው» አለች ጦይባ። «እኔ ጎረቤትሽ ነኝ።»

የትርሲት እናት የዱቄቱ ከረጢት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለብስኩቱ አይደለም። እናቶቼ፣ ብስኩት ተበላሽቶ የሚያለቅስ ሰው የለም። ሦስት ወር ሙሉ የፈራችው የእንግዳ ፊት ነበር፤ ሊያመልጣት የነበረው ግን ይህች ሴት ናት። ይህን ያኔ አየችው።

«ገና ላይ የተናገርሽው ልክ ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ጦይባ። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት። «ሰው ፊት መናገሬ ግን ልክ አልነበረም። ዛሬ በሩን የዘጋሁት ለዚያ ነው።»

ጦይባ እጅጌዋን ሰበሰበች። የተቆላ ለውዝ ነበር። ብረት ድስት ተጣደ፣ ስኳር ገባ፣ ቀለጠ፣ ቡናማ ሲሆን ለውዙ ተጨመረ፣ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ፈሰሰ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ጾሙ አልቋልና የትርሲት እናት ዛሬ ራሷ መቅመስ ትችላለች፤ የሚከለክላት የለም። ግን የመጀመሪያዋን ስባሪ ለማን ሰጠች? ለጦይባ ሰጠች። ጦይባም ዓይኗን ጨፍና አኘከችና «አሁን ሆነ» አለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ይበቃን ነበር። የትርሲት እናት ግን አንድ ነገር ጨመረች። ትሪውን ይዛ ወጣች፣ በእንግዶቹ ፊት ቆመች። «ቅድም ያበላኋችሁ መራራ ነው» አለች። «ሳልቀምስ ነው ያቀረብኩት። ይቅር በሉኝ።»

ትርሲት መሬት መሬት አየች።

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። «እኔስ ሁለት ወር ቅቤ ሳልቀምስ ከርሜ አፌ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አሉ። አጎትየውም ቀስ ብለው ከኮታቸው ኪስ ሁለተኛዋን ብስኩት አወጡና ሳህኑ ላይ መለሷት። ያን ጊዜ ባልየውም፣ ሙሽራውም፣ ትርሲትም ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ አትጠገብ ትርሲትን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ልጄ፣ የእኔ ወጥ ጨው ሲበዛበት ትነግሪኛለሽ» አሏት። «እኔም እነግርሻለሁ። እንዲህ ከሆንን እንኖራለን።»

አያችሁ እናትየው ምን እንዳገኘች? ያማረው ብስኩት ለልጇ ያላመጣላትን ይቅርታዋ አመጣላት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእኛ መካከል ያልተቀመሰ ሕይወት የያዘ ስንት ሰው አለ? ነጠላችን ነጭ ነው። ጾማችን አልጎደለም። ስንጸልይ ድምፃችን ያምራል። ሰው ያየናል፣ «እንዴት ያለ ክርስቲያን ነው» ይላል። ቤት ስንገባስ? ባለቤታችን ምላስ ላይ ምን ዓይነት ጣዕም አለን? የምናሠራት ልጅ ስለ እኛ ምን ትላለች? አብሮን የሚሠራው ሰው ሲያኝከን ምን ያገኛል?

አናውቅም። ራሳችንን መቅመስ አንችልማ። የራስ ነገር ሁልጊዜ ደህና ይሸታል።

ስለዚህ እግዚአብሔር ምን አደረገ? ለእያንዳንዳችን ጦይባ ሰጠን። ለአንዱ ሚስቱን ሰጠው። ለአንዷ ታናሽ እኅቷን ሰጣት። ለአንዱ «አባዬ፣ ስትቆጣ ታስፈራኛለህ» የምትል ልጅ ሰጠው። አንዳንዴም ከማንጠብቀው በኩል፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ በእኛ ቤተ መቅደስ ከማይሰግድ ሰው እጅ ይሰጠናል። እኛስ ምን እናደርጋለን? «ምን አገባሽ?» እንላለን። የሚያመሰግኑንን እናስጠጋለን፣ የሚነግረንን እናርቃለን። ከዚያም ዙሪያችን በእንግዳ ተሞልቶ «እጅሽ ይባረክ» ሲባል ውለን መራራ እንደ ሆንን እንገባለን።

እናንተ ደግሞ የምትነግሩት፣ የጦይባን ሁለተኛ ሥራ አትርሱ። በሩን ዘጋችው። እውነት ስለያዛችሁ ሰውን በእንግዳ ፊት ማራቆት አልተፈቀደላችሁም። አንዳንዶቻችሁ እውነት ትናገራላችሁ፤ በር ግን ዘግታችሁ አታውቁም። ይህንም በሩን ሳልዘጋ ነው የምነግራችሁ፤ ስማችሁን ግን ስላልጠራሁ ይቅር በሉኝ።

ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ማስተማር ስጀምር መሪጌታ ይትባረክ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣሉ። አንድ እሑድ ጉባኤው አጨብጭቦልኝ ስወርድ ጎትተው ጥግ አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ትጮኻለህ እንጂ ከሰዎቹ ጋር አትነጋገርም» አሉኝ። ማንም አልሰማም። እኔ ግን አኮረፍኩ። ሌላው ሁሉ ሲያመሰግነኝ እኚህ ሽማግሌ ምን አገኙብኝ አልኩ። ቤታቸው መሄድ ተውኩ። በሌላ በር መውጣት ጀመርኩ። አንድ ዓመት ተኩል።

ልክ መሆናቸው ሲገባኝ ሄድኩ። ስደርስ አልጋ ላይ ነበሩ። ግማሽ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። አወቁኝ። እጄን ያዙኝ። ያን ቀን ልጠይቃቸው የፈለግኩት ብዙ ነገር ነበር፤ «አሁንስ እንዴት ነኝ?» አልኳቸው። ሊመልሱልኝ ፈልገው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቃል አልወጣም። እስከ ዛሬ እዚህ ስቆም መልሱን አላውቅም። ያመኛል።

እኔ ዘግይቼ ሄድኩ። እናንተ ግን አልዘገያችሁም። ያ ሰው ዛሬ አንደበት አለው። ስልኩ ይሠራል። ቤቱን ታውቁታላችሁ። ምናልባት አሥር እርምጃ ነው፣ ምናልባት ሁለት ታክሲ ነው፣ ምናልባት እዚሁ ከኋላችሁ ተቀምጧል። ዛሬ ሂዱ። ከምሳ በፊት ሂዱ።

እውነት የሚነግረንን ሰው እግዚአብሔር አያሳጣን፤ እስክንሰማውም ድረስ እሱን በጤና ያቆይልን።

ስትደርሱ ምን እንደምትሉ አትጨነቁ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ተቀመጡና «ንገረኝ» በሉት።